ከመፈክሩ በታች

ሣህሉ ሹሉን የናሙና ቱቦ ጆንያው ውስጥ ሰካ።

ቀኝ ጎን። ከስፌቱ ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ። እንደተነጋገሩት።

ሲመዘው ከደረቀው ጀንፈል ቡና ጋር የተጠቀለለ ወረቀት ወጣ። ለሊሙ ገነት ገበያ እሱ የመንግሥት ቡና መርማሪ ነው፤ ጆንያ መውጋት ሥራው ነው። ለጅማው የደኅንነት ቢሮ ግን «ወንፊት» የሚባል ሰላይ ነው። የጆንያውን ባለቤት፣ የጅማ ሄርማታውን ቡና ነጋዴ አብዱልፈታሕን ሁለት ወር የተወዳጀው ይህን ወረቀት ፍለጋ ነበር።

ነገሩ ያስቃል። በ1978 ክረምት መንግሥት ረቂቅ ሕገ መንግሥት በትኖ «አስተያየት ስጡ» አለ። የሚያምን ሞኝ አይጠፋምና ከቦሳ ኪቶ ቀበሌ ሣጥን አንድ ስም የለሽ ወረቀት ወጣ። «ሁሉም በሕግ ፊት እኩል ነው ካላችሁ፣ ወንድን ወንድ በመውደዱ፣ ሴትንም ሴት በመውደዷ የሚያሳስረው አንቀጽ ይሰረዝ» ይላል። የቢሮው ኃላፊ ተክለጻድቅ ዐይኑ ደም ለበሰ። «ስም አምጣ!» አፍ ክፈት ይሉና የከፈተውን ያንቃሉ።

ሣህሉም «ያልተፈረመ አስተያየት አዲስ አበባ አይደርስም፤ ፈርሙ፣ እኔ አደርሳለሁ» ብሎ ወረቀቱን የጻፉትን አብዱልፈታሕንና አራት ጓደኞቹን አስፈረማቸው። እሱ ራሱ በዚያው አንቀጽ የሚታሰር ሰው ነበር። ይህን ከአብዱልፈታሕ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። አብዱልፈታሕን ወዶታል። በራሱም አፍሯል።

አጠገቡ አዲስ የዝናብ ካፖርት የለበሰ ገዢ ገለባው ያልተገፈፈ ጀንፈል አፈስ አድርጎ «ግሩም የታጠበ ቡና!» አለ። ሻጮቹ ሳቁ።

ሣህሉ አልሳቀም። ሰውየውን ቢሮ አይቶታል። ጎሳዬ ነው።

ተክለጻድቅ ሰላይ ላይ ሰላይ ልኮበታል።

ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል። ጎሳዬ መታገሥ አቃተውና ጠጋ አለ።

«ጓድ፣ ስሞቹን ተቀበልክ?»

ከጆንያው ማዶ የቆመው አብዱልፈታሕ ሰማ።

«ኦቦሌሳ ኮ ብዬህ ነበር» አለ ሣህሉን እያየ። «ወንድሜ ብዬህ! ያ አላህ!»

ጎሳዬ እጁን ወደ ሽጉጡ ሰደደ።

ሣህሉ ክንዱን ያዘው። «ተው። ይሄን ከያዝከው ሌሎቹ ይበተናሉ። ነገ ባንድ ላይ እንለቅማቸዋለን።»

«የአለቃ ትእዛዝ ነው?»

«ነው።»

ለጎሳዬ ይህ በቂ ነበር። ትእዛዝ የሚል ቃል ከሰማ ማሰብ የሚባል ጣጣ ውስጥ አይገባም።

ሣህሉ ጆንያውን በእግሩ መታ። «የበሰበሰ ቡና! አንሣና ጥፋ!» አለ ጮክ ብሎ። ጎንበስ ሲል ግን አንሾካሾከ። «ዛሬውኑ ሂዱ። አምስታችሁም።»

አብዱልፈታሕ እግሩ ሥር እንትፍ አለበትና ሄደ።

ሣህሉ ወደ ጅማ ሲመለስ መንገድ ላይ ፊርማዎቹን ቀዶ አኘካቸው። አምስት ስም። ቀለሙ መረረው። ከጥያቄው ሥር በቀረው ባዶ ቦታ የራሱን ሙሉ ስም ጽፎ ፈረመ። ከላይ አንድ ገጽ አከለበት፦ «አብዮታዊት እናት አገር ወይም ሞት! ሰፊው ሕዝብ ረቂቁን በሙሉ ድምፅ ደግፏል።»

በማግሥቱ ጠዋት ተክለጻድቅ ወደ አዲስ አበባ የሚላኩትን አስተያየቶች ማኅተም ይመታ ነበር። መፈክሩን አነበበ። ራሱን ነቀነቀ። ሁለተኛ ገጽ መግለጥ የትምህርት ቤት ዘመን ልማዱ ነበር፤ ከሹመት ወዲህ ትቶታል።

መታው። ከረጢቱ ታሸገ።

«ስሞቹስ?»

«ከምሳ በኋላ እጅዎ ይገባሉ፣ ጓድ ኃላፊ።»

ከምሳ በኋላ ሣህሉ ጅማ አልነበረም። ወረቀቱ አዲስ አበባ ሲገለጥ ከሥሩ የሚገኘው የእሱ ስም ብቻ ነው።

በየካቲት 1979 ሬዲዮ ሕገ መንግሥቱ መጽደቁን ሲያበስር፣ ከጅማ ርቃ ባለች አንዲት የቡና ከተማ አንድ መርማሪ ቆሞ ሰማ። ስለዚያ አንቀጽ አንድ ቃል አልተነሣም። ከእነ ተክለጻድቅ ምን ይጠበቃል? ከአምስቱ የተያዘ የለም፤ ይህን ያውቃል። አብዱልፈታሕ እስከ ዛሬ እንደሚንቀውም ያውቃል። ይግባኝ የሚልበት ቦታ የለውም።

«ወንድም፣ ስምህን ማን ልበል?» አለችው ባለጆንያዋ።

«ኑሪ» አለ፣ ከሸሸ ወዲህ በያዘው ስም፤ ቱቦውንም ሰካ።