የፖርሿ ገመና

ጡረተኛው መምህር ካሱ ሞተው የተገኙት ሴቻ ሰፈር፣ በወዳጃቸው በአቶ ሰይፈሥላሴ ግቢ ውስጥ ነው። አናታቸውን የመታቸው የመኪና ክሪክ ብረት አጠገባቸው ወድቋል።

ሁለቱ ስለ አሮጌ መኪኖቻቸው፣ ካሱ «አልፋ ይበልጣል»፣ ሰይፈሥላሴ «የለም፣ ፖርሽ ይበልጣል» እየተባባሉ ነው ያረጁት፤ ሰፈሩን አሰልችተውታል። እሁድ ከታች ከሲቀላ ወደ ሴቻ የሚያወጣውን ዳገት በየመኪናቸው ተወዳድረው ሊለይላቸው ነበር።

ፖሊስ የፖርሿን መካኒክ ሽበሺን አሰረ። ካሱ «የፖርሿን ሞተር ጉልበት ንገረኝ» ብለውት እምቢ በማለቱ ተጣልተው ነበርና። ኢንስፔክተር ልክነሽ ግን አልተዋጠላትም፤ ካቴናውን እንዳደረገ ግቢው ድረስ ይዛው መጣች።

«እንዴት አገኟቸው፣ ጋሼ?»

«በፖርሼ ሲቀላ ደርሼ ስመለስ ነው፣ ልጄ» አሉ ሰይፈሥላሴ።

የሟች ሚስት ባዩሽ ቀና አለች። «እኔ ያቺን መኪና ዳገቱን ስትወጣ ካየኋት ቆይቻለሁ።»

ልክነሽ ደጅ የቆመችውን የካሱን አልፋ ጎንበስ ብላ አየች፤ ከሥሯ ያለው መሬት በዘይት ጠቁሯል። የፖርሿ ሥር ንጹሕ አፈር ነው።

«ምን ደብቀህ ነው፣ ሽበሺ?»

«የሰው ገመና ነው፣ እህቴ። አደራ ብለውኛል።»

ሁሉንም ፖርሿ ዘንድ ሰበሰበቻቸው።

«አሮጌ መኪና ዘይት ታንጠባጥባለች። ከይቺ ሥር ግን ጠብታም የለም። አልፋዋ ሞተሯ ከፊት ስለሆነ ፊቷን ደፋ አድርጋለች። የፖርሽ ሞተር ያለው ከኋላ ነው። ታዲያ የእርስዎዋ ቂጧን ለምን አነሳች፣ ጋሼ?»

የኋላውን ክዳን ከፈተችው። ባዶ ነው።

«ሲቀላ አልሄዱም። ካሱ ከውድድሩ በፊት ሞተሩን ልይ ብለው ክዳኑን ከፈቱት።»

«ሳቀብኝ» አሉ ሰይፈሥላሴ። «ሞተሩን ለልጄ ሠርግ ነው የሸጥኩት፤ ድግሱ አነሰ እንዳልባል። ‹ለእድሩ በሙሉ ነው የምነግረው› አለኝ። ብረቱ እጄ ላይ ነበር።»

«ሽበሺ ሲታሰርስ?»

«አፈርኩ… ምን ብዬ ልናገር?»

አይ ሰው! አንዱን ገድሎ፣ ገመናውን የሸፈነለትን ደግሞ ሊያስፈርድበት! ሽበሺ እንኳ ስለ እሳቸው አፍሮ መሬት መሬቱን ያያል።

የሰፈሩ ሰዎች የውጭውን በር አንኳኩ። ሰይፈሥላሴ እጃቸውን ለካቴና ዘረጉ።

«ልጄ፣ ሳይገቡ ክዳኑን ዝጊልኝ።»

ልክነሽ ልትዘጋው ስትል ባዩሽ እጇን ያዘቻት።

«ተዪው፤ ሰው ይየው። ባሌ የሞተው ለዚህ ነው።»

በሩ ተከፈተ። ሰይፈሥላሴ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ።