አራተኛው ፍሎፒ

ድመት ተሳስታ አታውቅም።

ይህን ያለችው ድመት የምትባለው ሰላይ ራሷ ናት። ሌላ ምስክር አልተገኘም።

ወደ ስለላ ድርጅቷ መልእክተኛ ጽሕፈት ቤት የሚያወጣውን ደረጃ ስትወጣ ዞር አለች። ማንም የለም። ደግማ ዞር አለች።

ፎቶ ቤት ተቀጥራ፣ ፎቶ እየቆረጠች «እሺ ጋሼ» ስትል የከረመችው ለዚህች ቀን ነው። የፎቶ ቤቱ ባለቤት እህቷን ወደ ድርጅቱ ስውር ቤት ስትገባ ተደብቆ አንስቷታል። እህቷም ሰላይ ናት። ፎቶዎቹ ጠላት እጅ ከገቡ አለቀላት።

ሰውዬው ፎቶዎቹን ዚፕ በሚባል የድሮ ፕሮግራም ጨምቆ፣ አንድ ፍሎፒ ዲስክ አልበቃ ስላለው አራት ላይ ቆራርጧቸዋል። ሌላ ቅጂ የለም። ድመት ትናንት አራቱንም ሰረቀች። ሦስቱን ፍራሽ ሥር፣ አራተኛውን ለብቻው የቴፕዋ ስፒከር ውስጥ ደብቃ አደረች። ማን እዚያ ይፈልጋል? በራሷ ተደነቀች።

አሁን ለመልእክተኛው ማስረከብ ብቻ ነው የቀራት። የሚስጥር ስሙ ጃንጥላ ነው።

«ዝናብ የለ፣ ጃንጥላ ምን ያደርጋል?» አለችው በሩን ለከፈተላት ሰውዬ፤ የይለፍ ቃሉ ነው።

«ለፀሐይ ነው፣ እህቴ።»

ፍሎፒዎቹን የያዘውን ፖስታ ሰጠችው።

በሩን ቆለፈው።

«ቁጭ በይ።»

«ጃንጥላ፣ ምን ነካዎት?»

«የእህትሽን ፎቶ አብረን እናያለን። ገዢዎቼ ያልታየ ዕቃ አይወስዱም።»

ሽጉጥ አወጣ።

የመጀመሪያውን ፍሎፒ ኮምፒውተሩ ውስጥ ከተተ። ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ መጣ፦ የመጨረሻውን ዲስክ አስገባ።

«ምን እያለ ነው ይሄ?»

«የፋይሎቹ ማውጫ ያለው መጨረሻው ዲስክ ላይ ነው። የድሮ ዕቃ አይደል፣ እንደ እርስዎ ከኋላ ነው የሚነሳው።»

ብትሞት እንኳ ምላሷ አያርፍም።

አራተኛውን ከተተ። ማሽኑ ተንጫጫ።

አይነበብም።

ደግሞ ሞከረ።

አይነበብም።

ጃንጥላን ላብ አጠመቀው። ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለ።

ድመት የተቀመጠበትን ወንበር በርግጫ አለችው። ሰውዬው ከነሽጉጡ ጠረጴዛ ሥር ተዘረጋ። ፍሎፒዎቹን አፈሰች።

መስኮት።

ዘለለች።

ክንዷ ቀጭ ሲል ሰማችው።

እህቷ በዚያው ዕለት ድንበር ተሻገረች። ዳነች። አልተሰናበቱም፤ ዳግም እንዳይገናኙም ታዘዙ።

አለቃዋ፣ ሳቅ የማያውቁት እትዬ፣ አዲስ መታወቂያና የአውቶቡስ ትኬት ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«ከነገ ጀምሮ ሌላ ከተማ ጫማ ሻጭ ነሽ።»

ድመት በጄሶ የታሰረ ክንዷን አስተካከለች። እንባዋ መጣ፤ ዋጠችው። ጉራ ይሻላል።

«ጃንጥላን ቀድሜ ጠርጥሬው ነበርኮ፣ እትዬ። አራተኛውን ሆን ብዬ ነው ያበላሸሁት።»

«የት አሳደርሽው?»

«ስፒከር ውስጥ።»

«ስፒከር ማግኔት እንዳለው ታውቂያለሽ?»

ድመት ጄሶዋን መነካካት ጀመረች።

«ማግኔት ፍሎፒ እንደሚያጠፋስ?»

ትኬቱን አነሳች።

«እህትሽን ያተረፋት ስፒከሩ ነው። አንቺ ሻንጣሽን ሸክፊ።»