ከቤቶቹ ጀርባ የመጣው ነፋስ

ልጅቷ አናቷን በእጇ መታ መታ ስታደርግ ፌርሚን ሰላም ያለችው መስሎት በፈገግታ እጁን አውለበለበላት።

ሰላምታ አልነበረም። በሳን ኢሲድሮ የወንዝ ዳር፣ ካይት በሚባል ነፋስ በሚያበርረው ትልቅ የጨርቅ ክንፍ እየተጎተተ ውሃ ላይ የሚንሸራተት ሰው አናቱን ከመታ «ካይቴን ያዙልኝ፣ ላሳርፈው ነው» ማለቱ ነው። ቁልፍ ሠሪው ፌርሚን ይህን ከየት ይወቅ? ካይቱን የሚይዝላት ስታጣ ነፋሱ ጎትቶ ከወንዙ ዳር ግንብ ጋር አላተማት። ትከሻዋ ተሰበረ።

«እርዳኝ ስልህ ቻው ትለኛለህ?» አለችው፣ በታክሲ ሐኪም ቤት ሲወስዳት።

«ቆንጆ ሴት እጇን ስታነሣልኝ የመጀመሪያዬ ነው... ደነገጥኩ።»

ሕመሟን ረስታ ሳቀች። ስሟ ሉድሚላ ነው፤ የካይት አስተማሪ ነች።

እስክትድን ድረስ ግንቡ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ማቴ የሚባለውን መራራ የቅጠል ሻይ ይጠጡ ነበር። ስለ ነፋስ የነገረችው ያኔ ነው። ከደቡብ ምሥራቅ ሲነፍስ ቡናማው ወንዝ አብጦ ግንቡን ይደበድባል፤ ሰውን ግን ወደ ዳር ይመልሳል። ከደቡብ ምዕራብ፣ ከቤቶቹ ጀርባ ሲመጣ ውሃውን ገፍቶ ዳሩ ላይ ጭቃ ብቻ ያስቀራል፤ ያገኘውን ሁሉ ወደ መሐል ይዞ ይሄዳል።

«እሱን ነው የምፈራው» አለችው። «ከኋላ ነው የሚመጣብህ። ተማሪ ውሃ ላይ ካለ ከዚያ ሰማይ ላይ ዓይኔን አልነቅልም።»

ድና ሥራ በጀመረች ሰሞን፣ ዳማሶ የሚባል ተማሪዋ ብቻውን እንዲሞክር ፈቀደችለት። ባለትዳርና የልጆች አባት ነው። ነፋሱ ከምሥራቅ ነበር፣ ለስለስ ያለ። ፌርሚን በዳቦ የተጠቀለለ ቋሊማ ይዞላት መጣ።

«ለአንድ አፍታ እኔን እዪኝ እስቲ» አላት። «የምጠይቅሽ ነገር አለ።»

ዞረችለት። አግቢኝ አላት። እሺ አለችው። ተሳሳሙ።

ቀና ሲሉ ከቤቶቹ በላይ ሰማዩ ጠቁሯል። ነፋሱ በቅጽበት ተገለበጠ። የዳማሶ ካይት ወደ ወንዙ መሐል ሲከንፍ አዩት። ሉድሚላ ዘልላ ውሃው ውስጥ ገባች። ፌርሚን ተከትሏት ገብቶ ወገቧን ይዞ አስቀራት።

«ልቀቀኝ! ተማሪዬ ነው!»

አልለቀቃትም።

የነፍስ አድን ጀልባ ዳማሶን በማግስቱ አገኘው። ሞቷል።

ቀብሩ ላይ ሚስቱ ወደ ሉድሚላ ቀረበች። አልጮኸችም።

«ያን ጊዜ ወዴት ነበር የምታዪው?» አለቻት።

 ከዚያ ቀን ጀምሮ ሉድሚላ ፌርሚንን ዘጋችው። የጠላችው መሰለው።

«ስለያዝኩሽ ነው? ብለቅሽ ኖሮ እኮ ሁለት ሬሳ ነበር።»

«አልጠላሁህም» አለችው። «ብጠላህማ ይቀለኝ ነበር። አንተን ባየሁ ቁጥር የምሰማው የዚያችን ሴት ጥያቄ ነው። ምን ላድርግ?»

ሩቅ ኮርዶባ ከተማ ወዳለችው እህቷ ልትሄድ ወሰነች። አውቶቡስ መናኸሪያ ድረስ ሸኛት።

«ትወጂኛለሽ ወይ ብለህ እንዳትጠይቀኝ።»

«አልጠይቅሽም።»

ሻንጣዋን ጫነላት። የአውቶቡሱ ደረጃ ላይ አንድ እግሯን አሳርፋ ቆመች።

«ጠይቀኝ» አለችው።

«ትወጂኛለሽ?»

«አዎ» ብላው ገባች።

አውቶቡሱ እስኪወጣ ቆሞ ጠበቀ። እሷ እዚያው ኮርዶባ ቀረች፤ እሱም አልተከተላትም። ዳግም አልተያዩም።