ኮረኮንች ላይ ጨዋ የምትሆን መኪና

«አሁንስ? አሁንም አልሰማችሁም?» አለች ሪሃና፣ ከኋላ ወንበር በአባቷና በወንድሟ መካከል አንገቷን አስግጋ።

የጎንደርን ፒያሳ አደባባይ ሲዞሩ መኪናዋ እንደገና አንገራግራለች። ሰው ጭራዋን ጨምድዶ የያዛት ይመስል እምቢ ትልና፣ ከሆዷ «ጓ!» የሚል ድምፅ አውጥታ ትለቃለች። መንገድ ዳር ቆሎ የምትሸጠው ሴትዮ ሳትቀር ዞር ብላ አይታለች። ያልሰሙት ውስጧ የተቀመጡት ሁለቱ ወንዶች ብቻ ናቸው።

«የእጅ ፍሬኑ ሳይወርድ ቀርቶ ይሆናል» አሉ አባቷ አቶ ሸሪፍ።

«ወርዷል እኮ አባ! እዩት!»

«እንግዲያው ዓይን ነው። ከአዲስ አበባ በመጣች ማግስት የአዲስ ዓለም ሰፈር በሙሉ ወጥቶ አይቷታል።»

ታላቅ ወንድሟ ኡዘይር ሳቀ። «ሪሁ፣ አታካብጂ። አሮጌ ሰው ያቃስት የለ? አሮጌ መኪናም ታቃስታለች።»

ሪሃናን የሚያበግናት ይኼ ነበር። ዘጠነኛ ክፍል ስለሆነች፣ ሴት ስለሆነች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አፍ ስላላት፣ የምትናገረው ነገር እንደ ሬዲዮ ማስታወቂያ ነው። ይሰማል እንጂ ማንም አያዳምጠውም።

ስትጨቀጭቃቸው ጊዜ መኪናዋን መካኒኩ ጋሽ ማሩ ዘንድ ወሰዷት። ጋሽ ማሩ መሪውን ጨበጡና የጋራዣቸውን ግቢ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ ዞሩበት። ግቢው አፈርና ጠጠር ነው። መኪናዋ ትንፍሽ አላለችም።

«ይቺማ ሙሽራ ናት! ማን ነው ስሟን የሚያጠፋው?» አሉ ከመኪናዋ እየወረዱ።

ኡዘይር በአገጩ ወደ ሪሃና ጠቆመ። አባቷም ዞረው ገላመጧት። ሪሃና መሬት ተከፍቶ ቢውጣት ወደደች። ይባስ ብሎ፣ ከጋራዡ ወጥተው ወደ አስፋልቱ ገና ከመታጠፋቸው «ጓ!»

በዚያች ቅጽበት አንድ ነገር ብልጭ አለላት። አፈር ላይ ጨዋ፣ አስፋልት ላይ ባለጌ። ለምን?

ቅዳሜ አባቷ ሱቅ ሲሄዱ ኡዘይርን ለመነችው። መንዳት ስለሚወድ አላስቸገራትም። ከሰፈሩ በታች ያለው ሜዳ ላይ አዞራት፤ ዝም። አስፋልት ላይ አዞራት፤ መሪው እስከ መጨረሻ ሲጠመዘዝ ተንገጫግጫ ልትጠፋ ምንም አልቀራት። ከዚያ ሪሃና የእናቷን የልብስ ስፌት ሜትር አምጥታ ጎማዎቹን እንደ ሙሽራ ወገብ ትለካ ጀመር።

ኡዘይር ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ቀሚስ ልትሰፊላት ነው?»

«ሳቅ። የፊቶቹ ጎማዎች ከኋላዎቹ በሁለት ጣት ይበልጣሉ።»

የፊቶቹ አዲስ ናቸው። አቶ ሸሪፍ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጨርቅ የነገዱ ሰው ናቸውና፣ ምርጡን ጣቃ ሁልጊዜ በር ላይ ነው የሚሰቅሉት። ሁለት አዲስ ጎማ ሲገዙም «ሰው የሚያየው ፊት ነው» ብለው ከፊት አስገጠሙት። የኋላዎቹ ግን ጥርሳቸው አልቆ እንደ ሕፃን ድድ ልሙጥ ብለዋል።

«ታዲያ ምን ይሁን?» አለ ኡዘይር።

«ይቺን መኪና አራቱም ጎማዎች ናቸው የሚጎትቷት፤ ውስጥ ለውስጥ የተያያዙ ናቸው። የወላጆች ቀን ላይ ከጓደኛዬ ከሄለን ጋር እግራችንን አስረውን ስንሮጥ ትዝ ይልሃል? እሷ ቀውላላ፣ እኔ ድንክ። እርምጃችን አልገጥም ብሎ ስንጓተት አልነበር? እነሱም እንደዚያው ናቸው። አፈር ላይ ጎማው ትንሽ እየተንሸራተተ ያስማማቸዋል። አስፋልት ግን አያንሸራትትም፤ ጉተታው ሁሉ ወደ ውስጥ፣ ወደ ማርሽ ጥርሶቹ ይሄዳል። እንዲህ እየተነዳች ከከረመች ሆዷን ትበላዋለች። ምናልባት በልታውም ይሆናል።»

ኡዘይር መሳቁን ተወ። «አንቺ ልጅ ነቄ ነሽ!» አላት። ሪሃና ደስታዋ እስከ ማታ አልበረደላትም። በመጨረሻ አንድ ሰው አዳመጣት!

ሐሙስ ዕለት ገዢ መጣ። አቶ ሸሪፍ የጎማውን ወሬ ከቁብ ሳይቆጥሩ «ዓይን የገባባትን መኪና እኔ አልፈልግም» ብለው ሽያጩን ለኡዘይር ትተውለት ነበር። ገዢው አያ ዳኛው ይባላሉ፤ በማክሰኝት በኩል ያሉ ገበሬ ናቸው፤ ድሮ የጭነት መኪና ነድተዋል። ባለቤታቸውን አበቡን ጎንደር ሐኪም ቤት ለማመላለስ ነው መኪና የፈለጉት።

«አውቶቡሱ ግፊያ ነው» አሉ። «እሷ ደግሞ መቆም አትችልም።»

ኡዘይር በቀጥታ ወደ ሜዳው ወሰዳቸው። ሪሃና ሜዳውን ስታይ ምን እንዳሰበ ገባት።

«እዚህ ሰፊ ነው አያ፣ እንደ ልብዎ ያዙሯት!» አለና እህቱን ጠቀሳት።

አያ ዳኛው ብቻቸውን ነዱ። አቧራውን እያስነሱ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ ዞሩ። ሪሃና የወንድሟን እጅጌ ጎተተች።

«ንገራቸው።»

«ምን ብዬ? ጠየቁኝ? አልጠየቁኝም። አልዋሸሁም።»

«ከማክሰኝት እስከ ጎንደር እኮ አስፋልት ነው፤ ኡዘይር!»

«እስኪ ቀስ በይ! ደግሞ ማን ነው ያስተማረኝ? አንቺ ነሽ።»

ሪሃና በብስጭት ጥርሷን ነከሰች። ዕድሜዋን ሙሉ ስትጮህ የሚያዳምጣት አጥታ፣ አንድ ቀን ጆሮ ብታገኝ ለዚህ!

አያ ዳኛው መኪናዋን አቁመው በመስኮቱ ብቅ አሉ። ፊታቸው በርቷል። «ሸጋ ናት! ሸጋ ናት እናንተው! አበቡ ተኝታ ትሄድባታለች።» ከዚያ ሪሃናን አዩዋት። «አንቺ ልጅ፣ ምነው ዝም አልሽ? ስንመጣ አፍሽ እንደ ወፍጮ አልነበር?»

አባቷ ሱቅ ውስጥ ጨርቅ ከመቁረጣቸው በፊት ሁልጊዜ የሚያደርጉት ነገር ትዝ አላት። ጣቃውን በሙሉ ይዘረጉታል፤ ቀዳዳ ካገኙ ጣታቸውን ያሾልኩበትና «ይኼን አይተሻል?» ይላሉ። ገዢዋ ትታ ብትሄድ እንኳ «ሳታይ ከምትገዛ አይታ ትሂድ» ነው የሚሉት። ሰው ሁሉ ያሾፍባቸዋል። ሪሃናም አሹፋባቸው ታውቃለች።

ኡዘይር ጉሮሮውን ጠረገ። ሳል እንዳልሆነ እሱም እሷም ያውቃሉ።

«አያ ዳኛው» አለች፤ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብላ። «ሳይገዟት በፊት አስፋልቱ ላይ ያዙሯት። መሪውን እስከ መጨረሻ ጠምዝዘው፣ ቀስ ብለው። ከዚያ ጎማዎቹን አሳይዎታለሁ።»

ሽማግሌው ፈገግታቸው ቀስ እያለ ከፊታቸው ወረደ። መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ ኡዘይርን አዩ። ኡዘይር ጫማውን ያይ ነበር።

«ግቢ እንግዲያ» አሏት፤ ሞተሩን አስነስተው።

«ሪሁ!» አለ ኡዘይር ከኋላዋ፣ ጥርሱን ነክሶ። «አባን ምን ልንላቸው ነው?»

ሪሃና ገብታ በሩን ዘጋችው።

«ወደ አስፋልቱ በግራ በኩል ይውጡ አያ» አለች።