እንስሳውን አውርዱልኝ

አስፈሪ ነገር ሁሉ በጨለማ የሚሆን ይመስላችኋል። እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

ይሄ ግን የሆነው በጠራራ ፀሐይ ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ... አንድ ጋራዥ ግቢ ውስጥ፣ ሰው እየሳቀ፣ ብረት እየተቀጠቀጠ።

ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው። እኔ አንድም ቃል አልጨመርኩበትም። እንዲያውም ቀንሼለታለሁ።

ቤታችን የሚተዳደረው ፈረስ በማመላለስ ነው። የራሳችን ፈረስ የለንም። የሰው ፈረስ ከጋጣ ወደ ውድድር ሜዳ፣ ከሻጭ ወደ ገዢ እናደርሳለን። ለዚህ ሥራ ያለችን አንዲት መኪና ናት። ካሶኒዋ፣ ማለትም የጭነት ክፍሏ፣ በጣውላና በቆርቆሮ የተዘጋ፣ ከኋላ እንደ ድልድይ የሚዘረጋ መወጣጫ ያላት። ዕድሜዋ ከእኔ ይበልጣል። "አሮጊቷ" ነው የምንላት።

መጀመሪያ አባባ ነዳት። ጉልበቱ እምቢ ሲለው ታላቅ ወንድሜ ተረከባት።

እኔ ተማርኩ።

በቅርቡ ወለሏ መበስበስ ጀመረ። በዚህ ሥራ ከበሰበሰ ወለል የሚከፋ ነገር የለም። መኪናው እየሄደ ጣውላው ቢሰበር፣ የፈረሱ እግር የሚወርደው አስፋልት ላይ ነው።

ስለዚህ ቤት ውስጥ ክርክር ተነሳ። ትታደስ ወይስ ትቀየር?

አባባ ትታደስ ባይ ነው። "አዲስ መኪና ከተገዛ ሹፌር ይቀጠርና ልጄ ወደፈለገበት ይሂድ። አሮጊቷ እስካለች ግን ከሱ በቀር ማንም አይነዳትም" አለ። ለምን ማንም እንደማይነዳት አልተናገረም። እኛም እልኸኝነት ነው አልን።

ወንድሜ ደግሞ መሄድ ይፈልጋል። እጮኛው ያለችበት ከተማ በአንድ የእንጨት ሥራ ቤት የሥራ ቦታ ይዘውለታል። በወሩ መጨረሻ ካልደረሰ ለሌላ ይሰጡታል። እጮኛውም ብትሆን መጠበቅ ሰልችቷታል።

ማደስ ማለት ወንድሜ ይቀራል ማለት ነው። መቀየር ማለት ይሄዳል ማለት።

የሚገርመው እሱ ራሱ ለመቀየር አልተከራከረም። "ምሁሩ ይምጣና ይፍረድ" ብቻ አለ።

ምሁሩ የሚለው እኔን ነው።

ደወሉልኝ፤ መጣሁ። ቶሎ የምፈርድ ሰው አይደለሁም። የሁለቱንም ሰማሁና "መጀመሪያ ባለሙያ ይያት" አልኩ። ወንድሜ ይህን እየጠበቀ እንደነበረ ሁሉ ቁልፉን አነሳ።

ምሳ በልተን ወጣን። እሱ ይነዳል፣ እኔ ጋቢና አጠገቡ ተቀምጫለሁ። ኋላ ምንም የለም። ጠዋት ወለሉን ያጠብኩት፣ መከፋፈያዎቹን የዘጋሁት እኔው ነኝ።

ወንድሜ ግን እንቁላል እንደጫነ ሰው ነው የሚነዳው። ኩርባ ላይ ይንቀራፈፋል። ፍሬን ከመያዙ በፊት ከጀርባው ያለውን ቆርቆሮ በጣቱ አንጓ ኳ ኳ ያደርግና "ቀስ... ቀስ" ይላል።

ይህን ፈረስ ጫኞች ሁሉ ያደርጉታል። እንስሳው እንዳይደነግጥ ነው።

"ባዶ ነው እኮ" አልኩት።

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ለማን ነው የምታንኳኳው?"

"ልማድ ነው።"

ትንሽ እንደሄድን አንድ ኩርባ ታጠፍን። ቀጥ ብለን መሄድ ከጀመርን በኋላ... መኪናው ከተረጋጋ በኋላ... ከኋላችን አንድ ከባድ ነገር ክብደቱን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ሲያዛውር ወንበሬ ሥር ተሰማኝ።

ወንድሜን አየሁት። መንገዱን ያያል።

"ምንድነው?"

"ባሌስትራው ነው። አርጅቷል።"

ከጎማው በላይ ያለው የመሸከሚያ ብረት ነው የሚንቋቋው ብዬ ተቀበልኩ። ሌላ ምን ልል እችላለሁ?

ባትላሜራው፣ የመኪና አካል ጠጋኙ፣ የወንድሜ የቆየ ወዳጅ ነው። ሆዱ ትልቅ፣ ቀልዱ ከሆዱ የሚበልጥ።

"አሮጊቷ እስካሁን አልሞተችም?" አለ ገና ሲያየን።

"አሟታል" አለ ወንድሜ።

"እኔ ዘንድ የሚመጣ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው። በደህናው ጊዜ ብቅ የሚልልኝ የለም።" ወደ እኔ ዞረ። "የተማረው ይሄ ነው? እስቲ እጅህን... ውይ፣ የአራስ ልጅ እጅ። ይሄ እጅ ቡሎን ቢይዝ ያለቅሳል።"

ጋራዡ ውስጥ ያለው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

በክሪክ ከፍ አደረጋት። ካርቶን አነጠፈና በጀርባው ሥሯ ገባ። የሚታየው እግሩ ብቻ ነው። በመዶሻ እየነካካ ያወራል።

"ሻንሲው ገና ነው፣ እናንተን ይቀብራል።" ኳ። "ወለሉ ግን... ይሄ ጣውላ አይደለም፣ ዳቦ ነው።" ኳ። "በተለይ ከሹፌሩ ጀርባ ያለው። ምን ስታፈሱበት ነው የከረማችሁት?"

ኳ።

ከዚያ መዶሻው ቆመ።

"እንስሳውን አውርዱልኝ" አለ።

"ምን?" አልኩ።

"እንስሳውን አውርዱና ልሥራ። ከላዬ እየረገጠ ዓይኔን አፈር ሞላብኝ።"

"ባዶ ነው" አልኩት።

"ወንድሜ... እዚህ ቀልድ የኔ ሥራ ነው። አውርደው።"

ወንድሜን አየሁት። መሬት መሬት ያያል።

ሄጄ የጎኗን ትንሽ በር ከፈትኩ።

ባዶ ነው። ያጠብኩት ወለል። የዘጋኋቸው መከፋፈያዎች። በቆርቆሮው ቀዳዳ የገባ ቀጭን የፀሐይ ጨረር።

ግን ሙቀቱ...

የቆርቆሮ ሙቀት አልነበረም። እርጥብ ነው። ፊቴ ላይ መጣና ተመለሰ። መጣና ተመለሰ።

ከሹፌሩ ጀርባ ባለው ክፍል አንዱ ጣውላ ወደ ታች ጎበጠ። ቀስ ብሎ ቀና አለ። ከጎኑ ያለው ጎበጠ።

ከሥር ባትላሜራው ሲያስለው ሰማሁ።

በሩን ዘጋሁት።

ባትላሜራው እየተጎተተ ወጣ። ፊቱ ላይ አፈር አለ። በሩን ራሱ ከፍቶ አየ። ለረጅም ጊዜ አየ። ቀልድ አልመጣለትም።

"መቼ አወረዳችሁት?" አለኝ በሹክሹክታ።

"አልነበረም።"

ወደ ወንድሜ ዞረ። "ታውቃለህ?"

ወንድሜ ቁልፉን ከኪሱ አወጣ።

"ውሰዷት" አለ ባትላሜራው። "አድሷት፣ ሽጧት፣ እንደፈለጋችሁ አድርጓት። እኔ ግን አላየኋችሁም።" እጁን በጨርቅ ይጠርጋል። እስክንወጣ ድረስ ይጠርግ ነበር። እጁ ከጸዳ ቆይቷል።

ከጋራዡ ራቅ ብለን ወንድሜ ዳር ይዞ አቆመ። ሞተሩን አጠፋ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አልኩት።

"ስረከባት ነበር።"

"አባባስ?"

"ሲገዛት ይኑርባት አይኑርባት አያውቅም። አንድ ቀን የሰው ፈረሶች አውርዶ ባዶውን ሲመለስ... ባዶውን እንዳልሆነ ገባው። እሱም የሚያውቀው ይሄንኑ ነው። ወለሉም የበሰበሰው በዝናብ አይደለም። ላቡ ነው።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ፈተና ነበረብህ" አለ። "ብነግርህስ ታምን ነበር? በዓይኑ ይይ ብዬ ነው የወሰድኩህ።"

ሳቀ። ደስ የማይል ሳቅ።

"የበሬን ምስጋና ወሰደው ፈረሱ ይባል የለ? እኛ ቤት በሬው እኔ ነኝ። አንተን ያስተማረችህ አሮጊቷ ናት፣ ምሁሩ። እኔ አንድ ቀን ከሷ ርቄ አድሬ አላውቅም። ብቻዋን ካደረች ግድግዳውን ይራገጣል። ጎረቤት ይነሳል። እጮኛዬ ሌላ ሴት ያለችኝ ነው የሚመስላት።"

ኳ።

ከኋላችን ነው። አንድ ጊዜ ብቻ። መቆም የሰለቸው ፈረስ እንደሚያደርገው።



"እንሽጣት" አልኩ በሹክሹክታ።

"ሳይወርድ? የሰው ልጅ ላይ?"

"ታዲያ አውርደው።"

"ሞከርኩ። እኔ ስስበው አይወርድም። አባባም ሲስበው አይወርድም።"

መሪውን በሁለት እጁ ጨበጠ። አላየኝም።

"አንተን ነው ያልሞከርነው።"

ያኔ ገባኝ። ለካ ለዳኝነት አልነበረም የጠሩኝ።

ቤት ስንደርስ ፀሐይዋ ገና አጥሩ ላይ ነበረች። አባባ ግቢው መሃል በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ጭኑ ላይ ገመድ አለ።

ባትላሜራው ምን አለ ብሎ አልጠየቀም።

"ነገርከው?" አለ።

"ነገርኩት" አለ ወንድሜ።

"አባባ፣ እውነቱን ብትነግረኝ እመጣ ነበር እኮ" አልኩት።

"አትመጣም ነበር" አለ። ቁጣ የለበትም። "እኔም ብሆን አልመጣም።"

አፌን መረረኝ። ተናድጄ ነበር፣ አልዋሽም። ገመዱን ጭኑ ላይ ትቼ የመጣሁበትን አውቶቡስ መያዝ እችል ነበር። ወይም "ትታደስ" ብዬ ነገሩን እንደነበረ መተው። ሁለቱም አይከለክሉኝም ነበር... ልብሴን፣ መጽሐፌን፣ የተከራየሁትን ክፍል ሁሉ የከፈለው ግን ወንድሜ ነው። ሚዛን ላይ ካስቀመጥኩት አብሮት የመቅረቱ ተራ የኔ ነበር። ይህን ማወቄ ምሬቱን አልቀነሰልኝም።

"ትቀየር" አልኩና ገመዱን ተቀበልኩ።

ወንድሜ አመሰግናለሁ አላለም። ቤት ገባና ወዲያው ቦርሳ ይዞ ወጣ። አስቀድሞ የታሰረ ቦርሳ ነው።

መወጣጫውን ዘርግቼ ገባሁ። ከሹፌሩ ጀርባ ባለው ክፍል ፊት ቆሜ ገመዱን ወደ ባዶው ዘረጋሁ። እንደ ቂል ነው የቆምኩት።

"ና" አልኩ።

ምንም።

"ና... በቃ... እንሂድ።"

ገመዱ እጄ ላይ ከበደ።

ዞር ብዬ አላየሁም። ተራመድኩ። መወጣጫው ሥሬ ጎበጠ፤ እኔ ብቻዬን የማጎብጠውን ያህል አይደለም። ማጅራቴ ላይ እርጥብ ትንፋሽ አለ። ስቆም ይቆማል፤ ስሄድ ይሄዳል።

ግቢውን አቋርጬ አጥሩ ጥግ ካለው ግንድ ጋር አሰርኩት። ገመዱ እንደተወጠረ ቆየ... ከዚያ ላላ። መሬት ላይ ተኛ።

"ወረደ" አልኩ።

ወንድሜ የግቢው በር ጋ ደርሶ ነበር። ዞሮ አየኝ። ከልጅነታችን ወዲህ አይቼው የማላውቀው ፊት ነበር። እጁን አነሳልኝ።

ያኔ መወጣጫው ጎበጠ።

ማንም አጠገቡ አልነበረም። ጎበጠና ቀና አለ። ከጫፉ ሥር ትንሽ አቧራ ተነሳ።

ደግሞ ጎበጠ።

ደግሞ...

"አባባ" አልኩ። "አንድ አልነበረም እንዴ?"

አባባ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኗል።

"አትቁጠር" አለ ቀስ ብሎ። "አትቁጠር፣ ልጄ።"

ወንድሜ በሩን ሊከፍት እጁን ዘርግቶ ነበር። እንደዘረጋ ቀረ። አንድ እርምጃ ወደ ጎን አለ፣ ሰው መንገድ ሲለቅ እንደሚያደርገው። ደግሞ አንድ። ጀርባው ግድግዳውን ነካ። ቦርሳውን ደረቱ ላይ አቀፈው። ፊቱን ወደ አንዱ ወገን አዞረ... ከዚያ ወደ ሌላው... በሁለቱም በኩል የሚተነፍስበት እንዳለ ሰው።

መወጣጫው አሁንም ይጎብጣል፣ ቀና ይላል።

በእሱና በበሩ መካከል ያለው ሦስት እርምጃ የማይሞላ ቦታ ነው። ፀሐይ አርፋበታለች። ምንም የለበትም።

ወንድሜ አላለፈም።