ጓሳምባ የተናደበት ቀን

በሰመርዳ መንግሥት፣ በገመገም አውራጃ፣ የጅረና ወንዝ አንድ ማለዳ ሽቅብ ወደ ምንጩ ሲፈስ ታየ። ሽማግሎች «ውኃ ወደ ኋላ ከሄደ ደም ወደ ፊት ይመጣል» አሉ፤ አልተሳሳቱም። የቆላው ገዢ ሞርካን የምንጩን ጠባቂ ደርቤን ገድሎ፣ ወንዙን የሚያፈልቀውን ዐይነ ውኃ የተባለ ዕንቁ ነቅሎ ሄዶ ነበር። ጅረና ደረቀ። ከአፋፉ እስከ ሸለቆው ገብሱ ቆሞ ቀረ፤ ከብቱም ባዶ አለት ይልስ ጀመር።

የደርቤ ሚስት ወለላ ልጆቿን አንጓችንና ገላውን ደጃፍ ላይ አቁማ፦

«እንባችሁን እንዳላይ። ዕንቁውን ይዛችሁ፣ የአባታችሁንም ደም መልሳችሁ ኑ» አለቻቸው።

«በጓሳምባ እምላለሁ፤ ሞርካን አፈር ሳይቀምስ ጎኔ አልጋ አይነካም» አለች አንጓች።

በጓሳምባ መማሏ በዋዛ አይደለም። የገመገም ሰው ልጅ ሲወለድለት ተራራ ይሰጠዋል። ተራራው የራሱን ልጅ አይጎዳም፤ ልጁ በጭንቅ ቀን በስሙ ቢጠራው ይነሣለታል፤ ያውም በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ። ለአንጓች የተሰጣት ጓሳምባ ነው፤ ለወንድሟ ደግሞ ከወንዙ ማዶ ያለው ነጭአፋፍ። ሞርካን ግን የቆላ ሰው ነውና ተራራ ድንጋይ ብቻ መሰለው። ጥላው ደስ ቢለው ግንቡን ከጓሳምባ እግር ሥር ሠራ። ተራራ ልጅ አለው ብሎ ማን ይጠረጥራል?

ወንድምና እህት የአስታውን ጫካ አልፈው፣ ጅብራ ብቻ ወደሚበቅልበት ውርጭ ወጡ። በአፋፉ ላይ ከጭጋግ የተሠሩት የጉም ጅቦች በአባታቸው ድምፅ «ልጆቼ፣ ተመለሱ» እያሉ ጠሯቸው። አንጓች ወደ ገደሉ አፍ ስትራመድ ገላው ክንዷን ያዛት።

«አባታችን ቢሆን ተመለሱ አይለንም ነበር» አላት።

ከግንቡ በላይ ሲደርሱ አንጓች ቆመች።

«ተራራው ሲነሣ ምድር ቀድማ ትንቀጠቀጣለች። ሞርካን እንደ ፈረስ በሚጋልበው ቀንዳም ነብር ያመልጣል።»

«እኔ እይዘዋለሁ።»

«አንተ የነጭአፋፍ ልጅ ነህ። ጓሳምባ አያውቅህም።»

«አውቃለሁ፣ እህት ዓለም። እናታችን ደሙን መልሱ አለች እንጂ ሁለታችሁም ተመለሱ አላለችም።»

ሞርካን ዕንቁውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ለአደን ሲወጣ፣ ገላው ከአለት ላይ ዘሎ ከነብሩ ጀርባ አወረደው። ዕንቁውን በጥሶ ወደ እህቱ ወረወረና በጠላቱ ወገብ ላይ ተጠመጠመ። ወታደሮቹ ከግንቡ እየሮጡ ወጥተው ከበቧቸው።

«ጥሪው! ጓሳምባን አስነሺብን!» አለ ገላው።

ሞርካን ቀና ብሎ በላዩ የተጋረጠውን ተራራ፣ ከዚያም እሷን አየ። «አንቺ ልጅ፣ ወንዝሽ እጅሽ ገብቷል። ወንድምሽን እለቅልሻለሁ፤ አንቺም ተራራሽን ተዪው። ሌላ ምን ቀረሽ?»

እውነቱን ነበር። ዕንቁው በመዳፏ ይሞቃል፤ ገብሱም ከብቱም ይድናሉ። ግን የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ አንጓች በምንጩ አለት ላይ ተደፍቶ የቀረውን አባቷን አሰበች።

«ጓሳምባ!» ብላ ጠራች።

ተራራው እንደ ሽማግሌ እያቃሰተ ተነሣ። አለቱ እሷን በግራና በቀኝ እየዘለለ አለፋት። አቧራው ሲበርድ ግንብም፣ ሞርካንም፣ ገላውም አልነበሩም። የናፈቀችው ደስታ ግን ለአንድ ትንፋሽ ያህል እንኳ አልመጣላትም።

ዕንቁውን ከምንጩ መልሳ ከውኃው ጋር ወረደች። ሕዝቡ በእልልታ ወጣ። ወለላ በደጃፏ ቆማ ጠበቀቻት።

«ደሙን መለሳችሁ?»

«መለስን፣ እማዬ» አለች አንጓች። «አሁን የገላው ደም ቀርቷል። ከማን ልመልሰው? ከእኔ ነው ወይስ ከአንቺ?»

በስተጀርባቸው የመንደሩ ሰው እየተጋፋ ውኃ ይቀዳ ነበር።