ዜማውን ያረመው አፕዴት

እኔ በመንፈስ፣ በድግምት ምናምን የማምን ሰው አይደለሁም፤ ሥራዬ ኮምፒውተር ነው፣ ንፋስ መውጫ ላይ ከወፍጮ ቤቱ ጎን አንዲት ጽሕፈት ቤት አለችኝ፣ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ ማሽን እምቢ ካለም ወይ ቫይረስ ነው ወይ ኬብል ነው ብዬ ነው የኖርኩት። ይህን የምነግራችሁ ላስደንቃችሁ ብዬ ሳይሆን ሆዴን ስለበላኝ ነው።

እዚሁ አቅራቢያችን ካለው ከቤተ ልሔም ደብር አንድ የድጓ መምህር መጡ፣ ሁላችንም የኔታ ነው የምንላቸው። ወጣት ሳሉ በእጃቸው የጻፉትን የዜማ ደብተር አውጥተው፣ «ልጄ፣ ዓይኔ እየከዳኝ ነው፣ ሰኞ ጎንደር ለቀዶ ሕክምና ቀጥረውኛል፣ ይዳን አይዳን ሐኪሙም አላወቀው። ሳልታወር በንጹሕ ወረቀት ጻፍልኝና በገዛ ዓይኔ አርሜ ለተማሪዎቼ ልተውላቸው» አሉኝ። ድቁና ስላለኝ ከፊደሉ በላይ የሚቀመጡትን የዜማ ምልክቶች አይቶ መገልበጥ አይከብደኝም፣ ደብተሩን በስልኬ ፎቶ አንስቼ ሦስት ቀን ሙሉ ስጽፍ ሰነበትኩ።

ምልክቶቹን የሚጽፈው ፕሮግራም ግን፣ እውነቱን ልናገርና፣ የተሰረቀ ነበር። ድሮ አንዴ ከጫንከው የአንተ ነው፣ ዛሬ እንደ ቤት ኪራይ በየወሩ ክፈል ይልሃል፣ እሱንም በውጭ አገር ካርድ፣ እኔ ያን ካርድ ከየት አባቴ አመጣዋለሁ? አንድ ወዳጄ ክራክ አድርጎ ጫነልኝ፣ በቃ።

ቅዳሜ ከሰዓት የኔታ ሊያርሙ መጥተው አጠገቤ እንደተቀመጡ «ፈቃድዎ አብቅቷል» የሚል ጽሑፍ ብቅ አለና ምልክቶቹ ሁሉ ባዶ ሳጥን ሆኑ። አሥራ አራት ገጽ ሙሉ! ደሜ ፈላ። በዚያ ላይ ኮምፒውተሩ ሳልነካው ጠፍቶ ተነሳና አፕዴት እያደረግሁ ነው፣ እንዳታጠፋኝ ይለኝ ጀመር። ኔትወርክ እኮ ከጠፋ ሳምንት አልፎታል፣ ከየት ነው የሚያወርደው?

«ምን ይላል?» አሉ የኔታ።

«ታገሡ ይላል» አልኳቸው፣ ምን ልበል ታዲያ።

ሠላሳ አራት ፐርሰንት ላይ መብራት ሄደ። ወፍጮው ቀጥ አለ፣ አምፖሉ ጠፋ፣ የእኔ ኮምፒውተር ግን አልጠፋም። እመኑኝ፣ ባትሪ የሌለው ዴስክቶፕ ነው፣ ጎንበስ ብዬ ሶኬቱን ነቀልኩት፣ እሱ ግን ቁጥሩን ቀጠለ፣ ሠላሳ አምስት፣ ሠላሳ ስድስት። ከዚያ ከውስጡ ጠቅ... ጠቅ... የሚል ድምፅ መጣ፣ መቋሚያ ወለል ሲመታ እንደሚሰማው፣ በልኩ፣ ሳይቸኩል። የእሳቸው መቋሚያ በሩ ጋ ተደግፎ ቆሟል፣ ዞሬ አየሁት፣ አልተነቃነቀም። የኔታ ድምፁን ተከትለው በለሆሳስ ማዜም ጀመሩ፣ አንድ ቦታ ሲደርሱ ግን ዝም አሉ። ድምፁ ያቺን ቦታ ሦስት ጊዜ ደገመና ቆመ። ፈራሁ፣ ምን እደብቃችኋለሁ።

መብራት ሲመጣ ሶኬቱን መለስኩና ጽሑፉን ከፈትኩት፣ ምልክቶቹ ሁሉ ተመልሰዋል። ወዲያው አተምኩላቸው። ወረቀቱን አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው ሲያርሙ ስድስተኛው ገጽ ላይ ጣታቸው ቀረ።

«ይኸን አንተ ነህ የጻፍኸው?»

«ከደብተሩ ነው የገለበጥኩት፣ የኔታ።»

«አይዶለም። እኔ ይዘት የሚባለውን ምልክት ነበር ያደረግሁበት፣ ይኸ ግን ርክርክ የሚባለው ነው። መምህሬ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ርክርክ ነው ብለው ቢቆጡኝ አኩርፌ ጥያቸው ሄድሁ። ይኸን ለሰው ነግሬ አላውቅም።»

«ልመልሰው?»

«ተወው፣ የሳትሁ እኔ ነኝ» አሉና ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። በማግስቱ ተማሪዎቻቸውን ሰብስበው ያቺን ቦታ ያን ሁሉ ዘመን ያስተማሩበትን ዜማ በራሳቸው አፍ ስህተት ነው አሉ።

እኔ ግን አላስችል አለኝና ማክሰኞ ኅትመቱን ስልኬ ላይ ካለው ፎቶ ጋር አመሳከርኩት። ስድስተኛው ገጽ እሳቸው እንዳሉት ነው፣ ደብተሩ ላይ ያለው ይዘት ነው። አሥራ አንደኛው ገጽ ላይ ግን ሌላም ምልክት ተቀይሮ አገኘሁ፣ የኔታ ሳያዩት አልፈውታል። እኔ ተሳስቼ ይሆን፣ ማሽኑ ይሆን፣ ወይስ እኚያ የሞቱት መምህር? ማንን ልጠይቅ?

የኔታ ከጎንደር ተመለሱ፣ ዓይናቸው ግን አልዳነም። ባለፈው ሳምንት በባለቤታቸው እጅ ተመርተው መጡና ሳይቀመጡ ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ተማሪዎቹ ያነን ወረቀት ማጥናት ጀምረዋል። ከዚያች ሌላ የተለወጠ የለም፣ አይዶል?»

«የለም፣ የኔታ» አልኳቸው።